ሰባ አንድ

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ዘጠኝ ሰዎች ብቻ፣
በሩሴ ከተማ፣ በዳኑብ ዳርቻ፣
ከሰዓት ሱቅ በላይ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣
እንሰበሰባለን ቁጥርን ልናባብል።
ማንም አይከፍለንም፣ ፈተናም የለብን፤
እንቆቅልሽ ብቻ ነው ከቤት የሚስበን።
ያልፈታ ሰው እኛ ጋ «አገር ስጥ» አይባልም፤
ጠመኔ ይገዛል፣ ሌላ ዕዳ የለም።

ዝላትካ አለች፣ መድኃኒት ቀማሚ፣
ሌላውን አክማ በቁጥር ታማሚ።
ራይቾ አለ፣ ከወደብ ጡረታ የወጣ፣
ኪሱ ዶሚኖ ሳይዝ ከቶ የማይመጣ።
ስታሜን አለ፣ የታችኛው ሱቅ ጌታ፣
ሰዓት ጠጋኝ ሆኖ የሚዘገይ ሁልጊዜ ማታ።
እኔም አለሁ፣ የትሮሊ ትኬት ተቆጣጣሪ፣
መንገዱ ሲረዝም የትኬቱን አኃዝ ደማሪ።

በኛ አገር እሺታ ራስን ግራ ቀኝ ማወዛወዝ ነው፤
ወደ ታች መነቅነቅ እምቢ ማለት ነው።
አንዴ አንድ ፖላንዳዊ መፍትሔ አቅርቦ፣
ሁላችን ብናወዛውዝ፣ ወረቀቱን ሰብስቦ፣
አኩርፎ ወጣ።
ዝላትካ ናት ከደረጃው ላይ የመለሰችው።

ደግሞ አንድ ሕግ አለን፣ የትም ያልተጻፈ፦
የገባ ሰው ሁሉ፣ በዝናብ ቢርስም፣ በብርድ ቢገረፍ፣
የሌላውን ሁሉ እጅ ሳይጨብጥ አይቀመጥም።

ዘጠነኛዋ ራሊጻ ናት፣ አስራ አንድ ዓመቷ፤
ነርስ ነች፣ ሌሊት ትገባለች እናቷ፤
ብቻዋን ቤት ከምትቀር
ከኛ ጋር ትቆጥር።

«የዛሬው ቀላል ነው» ዝላትካ አለች፤
«ስንት መጨባበጥ ሆነ እዚህ ቤት?» ጠየቀች።
ቀመሩ ምላሳችን ጫፍ ላይ ነበረ፤
ልጅቷ ግን ቀመር አታውቅም፤
ተነስታ፣ ሰው በሰው ዞረች።
«ስንት እጅ ጨበጥክ?» — «ስምንት።»
«አንቺስ?» — «ስምንት።»
ራይቾ፣ መስኮቱን እያየ፦ «ሰባት።»
ስታሜን፣ መነጽሩን እየጠረገ፦ «ስምንት።»
የራሷንም ስምንት ጨመረች።
ሰባ አንድ።

ለሁለት ከፈለች፤ ደግማ ከፈለች፤
«ሠላሳ አምስት ተኩል ይመጣል» አለች።
«ግማሽ መጨባበጥ አለ እንዴ? አንድ እጅ ብቻውን ይጨብጣል?
ወይ አንዳችሁ ዋሽቷል፣
ወይ መቁጠር ጠፍቶታል።»

ዝም አልን። እኛማ እናውቅ ነበር፣
ከአስራ አንድ ዓመት በፊት የሆነውን ነገር፦
የቼዝ ፈረስ ጥያቄ፣ ሁለቱ ክረምቱን ሙሉ የደከሙበት፣
በከተማው ጋዜጣ ሲወጣ
የስታሜን ስም ብቻ የታተመበት።
ቁልፏን እርምጃ ያገኘው ራይቾ ነበር።
«ሁለት ስም ነው የላክሁት፤ ቦታ ጠቦ ቀረ» ይላል ስታሜን።
ይበል። ማን ነው የሚያምን?

«እኔ የቆጠርኩት» አለ፣ አንገቱን ወደ ካፖርቱ ቀብሮ፣
«የዘረጋሁትን ነው።»

አስራ አንድ ዓመት፣ በየሐሙሱ፣
አየር ጨብጣ የምትመለስ እጅ፣ ወደ ኪሱ።
አንዱ ከኋላ ሹክ አለ፣ በሽታችን ነውና፦
«አስራ አንድ ጊዜ ሃምሳ ሁለት፣ አምስት መቶ ሰባ ሁለት፣
በዓላቱ ሲቀነሱ…»
ዝላትካ በክርኗ ጎሰመችው።

ራይቾ ተነሳ።
ክሬን ሲዘውር የኖረ እጅ ሰፊ ነው፤
ጠመኔዋ መዳፉ ውስጥ ጠፋች።
ከሰሌዳው ላይ አንዷን በእጅጌው አበሰና
ሁለት ጻፈ።

«የምርህን ነው?» አለ ስታሜን።
ራይቾ ቃል አልወጣውም፤
ራሱን ብቻ፣ ግራና ቀኝ፣ ቀስ ብሎ፣ አወዛወዘ።

ሲጨባበጡ አላየሁም።
የመጨረሻዋ ትሮሊ ሦስት ሰዓት ከአስር ላይ ትነሳለች፣
ሮጥኩ።
ደረጃው መሃል ስደርስ ከላይ የልጅቷን ድምፅ ሰማሁ፦
«በቃ፣ ሠላሳ ስድስት። ሌላ ጥያቄ የላችሁም?»