ባሕር አይኖርም ሲል

የመጨረሻው ራእይ እሑድ ማታ ሲነበብ፣
አዳራሹ ሞልቶ፣ በቱቫሉ ደሴት፣ በዚያች ጠባብ ወደብ፣
«ባሕር አይኖርም» ሲል፣ ጉባኤው ተከፍሎ
ገባ ወደ ሙግት፣ መዝሙሩን ጥሎ።

መጋቢ ፔኒቱሲ፣ መነጽሩን ጠርጎ፣
«ይደርቃል!» አለ፣ «ይደርቃል በቃ!» ድምፁን ከፍ አድርጎ።
ከሱቫ ተምሮ የመጣው ኢዮሴፋ፣
«ባሕር ማለት ሁከት፣ የነገሥታት ግፍ ነው፤ እሱ ነው የሚጠፋ።»
ሊሙ ደግሞ አለ፣ ዘመን የሚቆጥር በማዕበል ሰሌዳ፣
«ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ» የሚል፣ እንደ ቀጠሮ ዕዳ።
አጎቴ ታፋኦ፣ መረቡን ታቅፎ፣
«ዓሣውስ?» አለና ዝም አለ አኩርፎ።

የካቲት ነው፣ ጨረቃዋ ሙሉ፤ ውሃው በወለሉ ስንጥቅ
መጣ፣ ሳያንኳኳ፣
ማንንም ፍቺ ሳይጠይቅ።
እግሮች ሁሉ ወጡ ከአግዳሚው በላይ፤
ሙግቱም አልወረደ፣ ቀረ እዚያው ከላይ።

ሎሳ ብቻ እግሯን ከውሃው አላነሣች።
የልጇ የማታዮ ታንኳ ባዶዋን ከገባች
አሥራ አንድ ዓመት ሆነ።
«ይድረቅ አይድረቅ» አለች፣ «እኔ አልከራከርም፤
ይመልስ ብቻ ቀድሞ።
የሰው ይዞ አይሰወርም።»