ሦስት መቶኛ ሰከንድ

ሌሊት ነው። ክላይፔዳ። ክሬኖቹ ቆመዋል፤
ከባልቲክ የመጣ ጉም መስኮቱን ይልሳል።
እኛ ሁለት ሰዎች ነን፤ ግንታውታስና እኔ፣
እሱ ሻይ በእጁ ይዞ፣ ስክሪፕቱ ከጎኔ፤
የዓመቱን ጭነት፣ ስምንት መቶ ሺህ መስመር
አንድ በአንድ እያነሳ በቶን የሚቆጥር፣
ከማታ ሦስት ሰዓት ጀምሮ የሚያዘግም፣
ጠዋት መርከብ ሲገባ ግማሹን አይጨርስም።

«ተለዋዋጭ አበዛሽ» አለኝ ግንታውታስ፣
«ስም ባየ ቁጥር እኮ ይሄዳል ሊዳስስ።
ቀረጡን፣ ሚዛኑን፣ ቋሚ አድርጊና እሰሪ፣
ያኔ ታያለሽ ሲበር፤ ብቻ አንቺ ሞክሪ።»

ነገሩስ እውነት ነው። ተርጓሚው ምስኪን ነው፤
ማስታወስ አልታደለም፣ መጠየቅ ነው ሥራው።
እንደዚያ ዘበኛ፣ ወንድሙን በር ላይ
አሁን አሳልፎ አሁን እንደማይለይ፣
«ቀረጥ» ባልኩት ቁጥር «ቀረጥ ማነው?» ይላል፣
መዝገብ ይገልጣል፣ ያያል፣ ይመለሳል፤
ስምንት መቶ ሺህ ጊዜ ያንኑ ሰው ይጠይቃል።
ቋሚ ግን ከበሩ መጠየቁ ቀርቶ፣
ቁጥሩ ራሱ ይቆማል በስሙ ቦታ ገብቶ።

አሰርኩለት። በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ ቀረጥን፣ ሚዛንን፣
እንደ መቃብር ድንጋይ የማይነካ ስማቸውን።
ሰዓት ያዝን። ለቀቅነው። ትንፋሽ ውጠን አየን።
ትርፉ ሦስት መቶኛ ሰከንድ ሆነብን።
ሦስት መቶኛ ሰከንድ! ዓይን እንኳ አይከደንባት፤
ግንታውታስ ሻዩን ረሳው፣ ቀዘቀዘበት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ከዚያ መስመር በመስመር ጊዜውን ለካሁት፣
ሌባውን አገኘሁት ከማልጠረጥርበት።
በዑደቱ ሆድ ውስጥ፣ አምና በችኮላ
እኔው በገዛ እጄ የሰነቀርኳት ሌላ
አንዲት አጭር መስመር፣ ፋይሉን ትከፍታለች፣
አንድ ቁጥር ታነባለች፣ መልሳ ትዘጋለች።
ለእያንዳንዱ ሣጥን እንዲህ መክፈት፣ መዝጋት፤
እኛ ስሙን ነበር የከሰስነው በስርቆት።
ከዑደቱ አውጥቼ ከላይ አንዴ አስቀመጥኳት፣
ሌሊቱን የሚበላው ሥራ አራት ደቂቃ ሆነለት።

«እንግዲህ ልፍታቸው፣ ቋሚዎቹን?» አልኩት።
ዝም አለ። ጉሙን አየ።
«ወጣት ሳለሁ» አለ፣
«"ቀረጡ ዜሮ ነው ወይ?" ብዬ ልጠይቅ ሳለሁ፣
ከሁለት የእኩል ምልክት አንዷን ረሳሁ።
ጥያቄዬ ትእዛዝ ሆነ። ቀረጥ ዜሮ ሆነ።
ዐሥራ አንድ መርከብ በነፃ እስኪነጋ ጫነ።
ተለዋዋጭ ነበራ! እሺ አለ፤ ምን ያድርግ?
ቋሚ ቢሆን ኖሮ "አይሆንም" ይል ነበር በወግ።»

ተውኳቸው፣ እንደ ቆሙ።
ለፍጥነቱ አይደለም፤
በሌላ ሌሊት፣ በሌላ ዝለት፣
ይህን ለሚያነብ ሰው። ለራሴም።

በሚያዝያ ደብዳቤ መጣ፦ ቀረጡ ጨምሯል።
ቋሚውን ከፈትኩና ለወጥኩት፤ አንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ፣
እየሳቅኩ፤ ቋሚ ይሉት ስም!
ግንታውታስ ጡረታ ወጥቷል።
ብርጭቆው ግን መስኮቱ ላይ አለ፤
የሚያነሳው የለም።