ያልተያዘ ቃል

ከኦሩሮ ወዲያ፣ ነፋስ በሚያፏጭበት፣
አንድ አዳራሽ አለን የምንማከርበት።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በስተግራ ጥጉ፣
ቁጭ ብዬ ጻፍኩላቸው፣ ሲያወጉ፣ ሲዋጉ።
ቃለ ጉባኤ ያዥ፤ ቃልን የሚያጠምድ፤
የቱን እንደሚያስቀር፣ የቱን እንደሚሰድ
ማንም ሳይነግረኝ ነው የለመድኩት መንገድ።

ሳቱርኒና ቾኬ፣ ድምፅ በዝቶላት፣
ከድንች መደቧ ወደኛ ላኳት።
ወንበርም ሰጠናት፣ አንድ እግሩ የላላ፣
ብርድ በሚገባበት፣ ከበሩ በስተኋላ።

«ቧንቧው ከምንጩ ሥር በውርጭ ፈንድቷል፤
ውሃችንን ሌሊት ድንጋይ ይጠጣዋል፤
አንድ ክንድ ቢቀበር ብርዱን ይችለዋል»
አለች። ጸጥ ተባለ። አንዱ ደረቅ ሳል ሳለ።
ከንቲባው፣ ወደ መስኮት፣ «እሺ፣ ሌላ» አለ።

የኮካ ሻይ ሲፈላ ዓይን ወደ እርሷ ዞረ፤
ትሪው ያለ ትእዛዝ እጇ ላይ አደረ።
ለእኔ ሁለት ስኳር። (ማን እንደነገራት!)
የራሷን ቀዝቅዞ ጠጣች፤ ጊዜው አነሰባት።

ከዕረፍት ስንመለስ ኤቫሪስቶ ተነሣ፤
ያንኑ ቃል ደገመ፣ ክንዷን እንኳ ሳይረሳ።
ጭብጨባው ቆርቆሮውን እንደ በረዶ መታ፤
እኔም ቀጥ ባለ ጽሕፈት፣ ሳልቸኩል፣ በእርጋታ፣
«ሐሳብ ያቀረቡት ዶን ኤቫሪስቶ ካላ፤
ተቃውሞ የለም» ብዬ፣ አለፍኩ ወደ ሌላ።
ቀለሜ ደርቆ ይሆን? አልደረቀም፤ ሙሉ።
ልማድ ነው። ልማዶች ቀለም ይጠጣሉ።

ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። መባባል ጀመሩ፦
«ቀልድ እኮ ነው ሕጉ፤ ይብቃት መደናበሩ።
ግማሽ ዘመን ለእሷ፣ ግማሹ ለተተኪው፤
ተስማምተን አልነበር?» (ማን ይሆን ተስማሚው!)
ተተኪዋ ማን ነው? ያው ነው፤ ባለ ክንዱ።

ድንቿ ላይ በሌሊት ናፍጣ ደፉበት፤
ባሏን «ቀሚስ ሰፋን» እያሉ ሳቁበት፤
የአበሉ ዝርዝርም ስሟ ጠፋበት።
እኔ ምን አደረግሁ? ደብዳቤ ተየብኩ፦
«ለቤተሰቤ ስል በፈቃዴ ለቀቅኩ።»
ቀኑን ክፍት ተውኩት።
ማኅተሙን በትንፋሼ፣ እንዲይዝ፣ አሞቅኩ።

ሐሙስ ማታ ጠሯት። በሩ ተቆለፈና
እስክሪብቶ ሰጧት፤ «ፈርሚ፣ ሳቱርኒና።»
ወረቀቱን አየች። ሻሏን አጠበቀች።
«መጀመሪያ መዝገቡ ይነበብልኝ» አለች።
«የቱ?» «ከገባሁበት ቀን አንሥቶ እስከ ዛሬ።»
ከንቲባው ሳቀና «አንብብ!» አለኝ፤ ወንበሬ
ጮኸብኝ ስነሣ። አነበብኩ፤ አነበብኩ፤
አርባ አንድ ስብሰባ፣ ገጽ በገጽ ገለበጥኩ።
«ዶን እገሌ አሉ፤ ዶን እገሌ ደገፉ»፤
ጣቴ የጻፋቸው ስሞች አለፉ፣ አለፉ፤
የእርሷ ግን አንድም ቦታ፣ በኅዳግ እንኳ፣ የለ።
ቧንቧው ገጽ ላይ ስደርስ ድምፄ ሰለለ።

እስክሪብቶውን ከድና ጠረጴዛው ላይ ተወች፤
ድንች እንደምትመዝን፣ ረጋ ብላ ጠየቀች፦
«ያልገባች እንዴት ነው አሁን የምትወጣው?
ያልተቀመጠችስ ከየት ነው የምትነሣው?
በመዝገባችሁ የለሁም፤ የሌለ ሰው አይለቅም።
ወይ መጀመሪያ ጻፉኝ። ከጻፋችሁኝም አልለቅም።»

ማንም አልሳቀም። ነፋሱ ነው ብቻ።
ኤቫሪስቶ አየኝ፣ እኔን፣ በጥላቻ።
ጀግና ነኝ አልልም፤ አፌ ቃል አልወጣው፤
አዲስ ገጽ ገለጥኩ፤ እጄ ነው የመጣው፦
«ሳቱርኒና ቾኬ። አልለቅም ብለዋል።»
ፊደሉ ተጣሟል፤ ቀለሙም ፈሷል።

ቧንቧው ዛሬ ያልፋል፣ አንድ ክንድ ተቀብሮ፤
«የኤቫሪስቶ መስመር» ይላል ሰሌዳው፣ አምሮ።
ደብዳቤውስ? በሳምንቱ፣ ሻሏ ላይ በረዶ፣
ገብታ፦ «ወንበሩ ይዋልላል። ወረቀት አለ፣ ባዶ?»
ባዶ አልነበረኝም። እጄ ላይ ያ ነበር።
አራቴ አጠፈችው። ሸጎጠችው ከወንበር
እግር ሥር። ልክ መጣ።