የቀለም ካርቶን ጀርባ

ቡሬ፣ ከመናኸሪያው ኋላ፣ በአንጓች ጸጉር ቤት፣
ባለቀ ቀለም ካርቶን ላይ ጻፍኩት የሦስት ዓመት፦
ዘንድሮ፣ ምዘናውን ማለፍ።
ለከርሞ፣ እቁቤ ሲደርሰኝ፣ አንድ ካስክ፤
ከሰው ወንበር ማረፍ።
ከዚያ ወዲያ፣ የራሴ በር፣
ስሜ በቀይ ተጽፎበት።

አንጓች አነበበችው፣ ፒያስትራዋን አስቀምጣ፦
«ካስኩስ መጣ እንበል፤ መብራቱ ከየት ይምጣ?»
እውነቷን ነው። ያን ለት ጠፍቶ፣
ሙሽራዋ በቢጎዲን ታስራ፣
ደጅ የቆመው የሚዜ መኪና ጡሩምባው ሲያጓራ።

ማክሰኞ ወይዘሮ የዝና ገቡ።
እስከ ባላቸው ሙት ዓመት ሲላጩ ከርመው፣
ጸጉራቸው የጤፍ ቡቃያ አክሎ፤
ሹሩባ አይይዝ፣ ቢጎዲን አይጠቀልለው።
«ነገ ገበያ ነው፤ እስቲ ሰው አርጊኝ» አሉ፣
ከወንበሩ ጠርዝ ላይ ብቻ ተቀምጠው።

ምዘናው ላይ የለም እንዲህ ያለ ጥያቄ።
ውሃ አሞቅሁ። በጣቴ ጫፍ አሸሁት፣ ቀስ ብዬ፣ ተጠንቅቄ።
ዙሪያውን በመቀስ ለቀምሁ፣ ማጅራታቸውን አጸዳሁ፣
የአንጓችን ትንሿን መስታወት ከኋላ ይዤ አሳየሁ።

ብዙ ዝም አሉ።
«ማጅራቴ የእናቴን ነው ለካ» አሉ።
ከመቀነታቸው ብር ሊፈቱ ሲሉ፣
«ለሹሩባ ሲደርስ ይከፍሉኛል» አልኋቸው።
አንጓች ገላመጠችኝ። ትገላምጥ።

ማታ ካርቶኑን አወጣሁት።
ካስኩን አልሰረዝኩም፣ በሩንም፤
ዕቅድ በአንድ እንባ አይፋቅም።
ግን ከ«ዘንድሮ» በላይ፣ ጠቦ በቀረው ቦታ፣
በደቃቅ ፊደል አንድ ነገር ጨመርሁ፦
የእጅ መስታወት። ቅዳሜ።