የቀ ቤት ልጆች

ደንበጫ፣ ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲደበድብ አድሮ፣
መምህር እንየው የስድስተኛ «ለ»ን ካርድ ከፊቱ ከምሮ፣
ውጤቱን ሞላና፣ ደረጃ ጻፈና፣ ከታች ደረሰ፤
«ጠባይ» ከምትል ጠባብ ሣጥን ፊት ብዕሩ ታገሠ።

ደንብ ነበረችው፦ ለአንድ ክፍል አንድ ፊደል።
አምና «መ» ነበረ፣ ካቻምና «ደ»፣ ዘንድሮ «ቀ» ይሁን ቢል
ማን ይከራከራል?
«ገጣሚው ሁሉ ቤት የሚመታው ከስንኙ ጭራ፣
እኔ ግን ከደጁ አንኳኩቼ ልግባ» ይላል ሲያወራ።
ቀ ደግሞ ሰፊ ቤት፤ ሰባት ወንድማማች ያስተኛል በጓዳ፣
ቅኑ ከቀጣፊው፣ ቆራጥ ከቀልቃላ፣
ቋጣሪው ከቀበጥ ሳይጣላ ሳይጎዳ።

ገደፋውን «ቅን» አለ፤
የሰውን ጆንያ በቅዳሜ ገበያ ሲሸከም የዛለ።
ትሁኔን «ቁጡ»፤
የምትቆጣው ግን ሰው ሲበደል ነበር፤
ይህን ይጨምር ዘንድ ሣጥኗ ጠበበች፤ ወደ ቀጣይ መስመር።
ሽታዬን «ቁምነገረኛ» አላት፤ ቃሉ ከሣጥኑ ተርፎ
«የቀረችበት ቀን» ከሚለው ላይ ወጣ አጥሩን አልፎ።
ይበልጣል ጠመኔ በኪሱ ሸሽጎ ዓመቱን ሙሉ ሲሰርቅ፣
«ቀማኛ» ይለዋል ብለን ስንጠብቅ፣
«ቀልጣፋ» ብሎት ዐረፈ።
ይበልጣል ካርዱን ለእናቱ ሲያነብ ምላሱ ተያዘ፤
መስከረም ሲጠባ ጠመኔው ተረፈ።

እኔን «ቁጥብ» አለ።
አባቴ እህል ነጋዴ፤ ቃሉን እንደ ጤፍ በሚዛን ሰቀለ፦
«ገንዘብ የሚይዝ ልጅ!»
እናቴ አየችኝ፦ «አይ፣ ቃል ነው የሚይዘው፤ የዝምታ ወዳጅ።»
ሁለቱም ልክ ሆኑ። እኔም አመንሁት።
ሳንቲሜን ቋጠርሁ፤ ንግግሬን ቆጠብሁት።
ትሁኔ ለቡሬ የተዳረች ዕለት፣ ተምጫ ድልድይ ላይ፣
አንድ ቃል ነበረኝ፤
እሱንም ቆጠብሁት፣ መኪናው ሲታይ።

አምና አባቴን ቀብረን፣ ከደረሰኝ ክምር፣ ከሚዛን ወረቀት
መሐል ካርዴ ወጣ፤ ጠርዙን ብል የበላው፣ የወየበ ፊት።
ወደ መስኮት ሳብሁት።
«ቁ» ያለችበት ላይ ወረቀቱ ሳስቷል፤ በጣቴ ዳበስሁት፤
ምላጭ የፋቀው ነው።
ከሥር አንዲት ጭረት ቀርታለች፤ ከወገቧ አይደለም፣
ከእግሯ ነው፣ ከእግሯ ነው።
«ቂ»።
ከ«ጥ» ሥር የ«መ» ጥላ፣ ከ«ብ» ሥር የ«ኛ» ቆብ።
ቂመኛ።

በአንድ ሰባራ እርሳስ ከወንድሜ ጋራ
ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርሁም፤
እሱ ግን ያውቅ ኖሯል፤ እኔ ለማንም ሰው ትንፍሽ አላልሁም።
ጽፎት ነበር እንግዲህ። ጽፎት፣ ከዚያ አሰበ፤
ምላጩን አነሣ፤ ከሣልስ ወደ ካዕብ
አንዲቷን ጭረት ከእግር ወደ ወገብ ሳበ።
ቂሜንም ቆጥቤ ወንድሜን አገኘሁ፤
ቃሌንም ቆጥቤ ትሁኔን አጣሁ።
መምህር እንየው በሕይወት ቢኖር
የትኛውን ላመስግን፣ የትኛውን ልክሰስ? እስካሁን አልለየሁ።

ዛሬም ሰኔ ሆኗል። እዚያው ትምህርት ቤት፣ እዚያው ቆርቆሮ ሥር፣
ስድስተኛ «ለ»ን እኔ ነኝ የማስተምር።
ፊደሌ «ጨ» ናት።
አላምረው የሚሉት ልጅ አለ፤ የድመት ግልገል ወንዝ የጨመረ፣
በማግስቱ ደግሞ ለታመመ ጓደኛው
ደብተር ሲገለብጥ በኩራዝ ያደረ።
ሣጥኗ ያቺው ናት፤ በጣት አልሰፋችም።
«ጨካኝ» እና «ጨዋ» በአንድ በር ነው የሚገቡ፤
በሩ ላይ ቆሜ ማንን እንደማስቀር አላውቅም፤
ልጁ በመስኮት ያየኛል፣ ጸጉሩ ላይ ዝናቡ።
«ጨ» ብዬ ጻፍሁና እጄ ቆመ።
ምላጩ ጠረጴዛ ላይ፤
ዝናቡ እንደ ቀደመ።