መጋጠሚያ

ከአንገቷ አንዲት ቅንጣት፣ አንድ ከጆሮዋ ጥግ፣
የሩዝ ፍሬ ታህል ቆርሰን ከድንጋይ፣
በሙጫ አጣበቅን መስታወቱ ላይ፤
ፈጨን፣ ደግመን ፈጨን፣ ከፀጉር እስኪሳሳ፣
ከማዶ የያዝኩት ጣት በውስጡ እስኪታይ።

ተሰሎንቄ ጥር ነው፤ ባሕሩ ይቆጣል፤
የምድር ቤቱን መስኮት ንፋሱ ይመታል።

ለዓይን ሁለቱም ነጭ፤ ወተት ከወተት።
ማን ለይቶ ያውቃል የትኛው ከየት?
መቶ ሃምሳ ዓመት አንዲት ሴት ተብላ፣
በትኬት ታትማ፣ በፖስታ ካርድ ወጥታ፣
ስንቱን ሙሽራ ጎኗ አቁማ ፎቶ አስነሥታ
ኖራለች በክብር። ፖሊክሴኒን ብቻ፣
ሐውልት ጠጋኟን፣ እንቅልፍ የነሣቻት
አንገቷን የዞረች ቀጭን መስመር ናት።
«ስንጥቅ ናት ወይስ ስፌት? ጠይቅልኝ» አለች፤
«ድንጋይ መቼም አይዋሽ።»
«ይዋሻል» አልኳት፣ «በቀን ብርሃን።»

ፓምፑ አንኮራፋ። አየሩ ሲሳሳ
ከሣጥኗ ሆድ ውስጥ ሐምራዊ ጉም ተነሣ፤
መብራቱን አጠፋን። ከካቶዱ ጫፍ
ኤሌክትሮን እንደ በረዶ ወረደ በዶፍ።
አሥራ አምስት ሺህ ቮልት! ሰው ቢሆን ይጮሃል፤
ድንጋይ ግን ሕመሙን በቀለም ያወጣል።

አንገቷ ቀደመ። ብርቱካን! ወለል አለ፣
ትንፋሽ እንዳገኘ ፍም እየተቀጣጠለ፤
ማንጋኒዝ ነው ይህ፤ ከቁንጥር ያነሰ፣
ከጥንት ባሕር ወለል ድንጋዩ የቀመሰ።
ብረት ያለበት ዳር ጥቁር ነው እንደ ጥላ፤
ብረት እንዲህ ነው፣ ብርሃን የሚበላ።

ከዚያ የፊቷን።
ስላይዱን ስገፋ እጄ ትንሽ ራደ።
ቀይ።
የደም አይደለም፤ የሮማን ልጣጭ ቀይ፣
ዝግ ያለ፣ ጥልቅ፣ የሌላ ተራራ፤
ዶሎማይት፣ የታሶስ፣ የማዶዋ ደሴት ሥራ።
ፖሊክሴኒ ዝም። እኔም ዝም። ፓምፑ ብቻ።
ለካ ይቺ ሴት፣ ይህን ሁሉ ዘመን፣
ራሷን አታውቅም።

የሌሊት ዘበኛው፣ ሽማግሌው አርጊሪስ፣
ቁልፉን እያቃጨለ ወረደ በደረጃው።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ መብራቷን ሲያጠፋ፣
«ደህና እደሪ» ሳይላት አልፏት አያውቅም።
ብርቱካኑን አየ። ቀዩን አየ። ኮፍያውን አወለቀ።
«ታዲያ ልትለያዩአቸው ነው?» ብሎ ጠየቀ።
«ሚስቴ የደሴት ልጅ፣ እኔ የተራራ፣
አፈራችን ለየቅል፤
ይኸው አርባ ዓመት በአንድ ትራስ።»

ማንም አልመለሰ። ቮልቱን ሳወርደው
ብርቱካኑም ቀዩም ተመልሶ ነጭ ሆነ።

በሳምንቱ ከእግሯ ሥር አዲስ ጽሑፍ ቆመ፦
ራስና አካል፣ ከሁለት ተራራ።
አልነቀልናትም።

ያን ዕለት ማታ፣ ካፖርቴን ስቆልፍ፣
ከአዳራሹ ማዶ ድምፁን ሰማሁት፤
መብራቱን አጠፋ፤ ጥቂት ቆየ፤ አሰበ፤
«ደህና እደሩ» አለ።