የታኅሣሥ ሪፖርት

ቅጹ ከሆሳዕና በስልኬ ደረሰ፦
"ስንት ሰው ተገኘ? ስንቱስ ተመለሰ?
ሞልተህ ላክልን ቶሎ፣ ወሩ ተጨረሰ።"

እኔ ቴል አቪቭ ነኝ፣ ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ፤
ስልክ ከሚጠግነው ከፒንሓስ ሱቅ በላይ፣
በማስታወቂያው መብራት በምትቀላ ክፍል
ሠላሳ ወንበሮች ደረደርኩ ለበዓል።
ፕላስቲክ ናቸው፤ የአንዱ እግር ተሰብሯል፣
እሱን ወደ ጥጉ፣ ማንም እንዳይወድቅብኝ።
ዝናቡ ከባሕር ወደ ጎን ይመጣል፣
መስኮቱ ያለቅሳል አልልም፤ ያፈሳል፣
ከሥሩ ባልዲ አለ።

ዋዜማ ነው። አገሩ ግን ሥራ ላይ ነው።
ሐኑካ አልፏል፣ መቅረዙ ከመስኮት ወርዷል፣
የፈረንጆቹም በዓል ሄዷል ከነጫጫታው፤
የኛው ብቻ ቀርቷል፣ እንደዘገየ አውቶቡስ፣
ቁጥሩ ሰሌዳው ላይ እየበራ የማይደርስ።

ስልኬ ይጮሃል፦ "ወንጌላዊ፣ ይቅርታ፣
አሠሪዬ ፈረቃ ጨመረብኝ ማታ።"
"የምጠብቃት አሮጊት ታማ፣ ጥያት አልወጣም።"
"ልጄን የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ፣ አልመጣም።"

ስብከቴ አሥራ አንድ ገጽ ነው፣ በሦስት ቀን ጾም የተጻፈ፤
ርእሱ፦ "ቤተ ልሔም ቅርብ ናት።"
ቅርብስ ቅርብ ናት፤ በመኪና ከሰዓት ትንሽ ቢበልጥ።
ግን ከነዚህ ልጆች የአንዱም ወረቀት
ኬላውን አያሳልፍም፤ ቢያሳልፍም አይመልስም።
ይህን ያሰብኩት ርእሱን ካሰመርኩበት በኋላ ነው።

ሁለት ሰዓት ላይ ክብርኣብ ገባ፣
ያፎ ካለ ዓሣ ቤት፣ ሳሕን ሲያጥብ ውሎ፣
ጃኬቱ ሎሚና ሳሙና እየሸተተ።
"እኔ ብቻ ነኝ?" አለ። "ሁለት ነን" አልኩት።
"ሦስት" ልል ነበር፣ ጥቅሱን ላስከትል፣
ዐይኑን አይቼ ተውኩት።

ገጽ ሁለት ላይ፣ እረኞቹ መንገድ ሳይጀምሩ፣
አገጩ ደረቱን ነካ።
ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ አፍሬበታለሁ እስካሁን።
አሥራ ስድስት ዓመት ሳገለግል
ስሰብክ የሚተኛ አይቻለሁ፤ እንዲህ የሚተኛ አላየሁም፤
ጕድጓድ ውስጥ እንደ ወደቀ ድንጋይ።
ውሃ የበላቸው ጣቶቹ ነጥተው፣
መዳፉ ጭኑ ላይ ተከፍቶ፣
የሆነ ነገር የሚሰጡት ይመስል።

ከላይ ማናና አለች፣ ከጆርጂያ የመጣች መበለት፤
ዓመቱን ሙሉ ስንዘምር ወለሉን በመጥረጊያ እጀታ
"ሼኬት!" እያለች የምትደበድብ።
ዛሬ ዝምታው አላስተኛት፤ በነጠላ ጫማ ወረደች፣
"ማንም አይጮህም" አለች በሰባራ ዕብራይስጥ፣ "ሞታችሁ ነው?"
ወደ ተኛው ጠቆምኳት።
አየችው። ቆማ አየችው። ሄደች።
ስትመለስ ብርድ ልብስ ይዛ፣ ነብር የተሳለበት፣
የልጇ መሰለኝ፤ የት እንዳለ አልጠየቅኋትም፤
እስከ ጆሮው አለበሰችው፣
ጣቷንም ከንፈሯ ላይ አድርጋ ለእኔ፦ ሼኬት።

ልሰብክ ባሕር ተሻግሬ የመጣሁት ሰው
ያን ሌሊት የሠራሁት ይኼ ነው፦
ጠብታው ባልዲውን እየመታ እንዳይቀሰቅሰው
አሥራ አንዱን ገጽ ከባልዲው ሥር አነጠፍኩ።
መጀመሪያ ቀለሙ ሄደ፣ ከዚያ ድምፁ።

ከዚያ ቅጹን ከፈትኩ።
"ስንት ተገኘ?" አንድ።
ማናናን ልቁጠራት? ሳጥኗ የለም።
"ስንቱ ተመለሰ?"
አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ሥራው ይመለሳል፤
ይህ ይቆጠር እንደሆን ጠይቄ እጽፋለሁ።

ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ክብርኣብ በርግጎ ነቃ፣
ነብሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ባዶ ወንበሮቹን፣
"አለቀ?" አለኝ ደንግጦ።
"ገና" አልኩት።